ከደመወዝ የሚቆረጥ አባልነት

ድሬዳዋ ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። በእረፍት ሰዓት ስታፍ ውስጥ ሻይ የሚጠጡትን መምህራን «የመምህራን ማህበር አባል የሆናችሁ እጅ አውጡ» በሏቸው። አንዳንዱ ወዲያው ያወጣል። አንዳንዱ አጠገቡ ያለውን አይቶ ያወጣል። የቀረው «እኔ አባል ነኝ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ከወዲያ «ፔሮል ላይ ይቆረጥብህ የለም እንዴ!» ይለዋል። ሁሉም ይስቃል።

እኔም እስቃለሁ። ግን ነገሩ ይከነክነኛል። አባልነታችንን የሚነግረን ፔሮሉ ነው ማለት ነው። ፎርም ሞልቶ የገባ አለ፣ መሙላቱን የረሳ አለ፣ በተቀጠረ ሰሞን ከብዙ ወረቀት ጋር ሳያነበው የፈረመ አለ። እንዲህ ያለው ሰው መዋጮ ይከፍላል እንጂ ማህበር ገብቷል ለማለት ይከብደኛል። ስለዚህ «ስንት አባል አለን?» የሚለው ቁጥር ብዙም አይገርመኝም። የሚገርመኝ ሌላው ነው። መምህር ወዶና ፈቅዶ ማህበር የሚገባው ምን ሲሆን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳነሳ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ ስድብ ነው። መምህር ቋጣሪ ነው፣ መምህር ፈሪ ነው፣ መምህር ግድ የለውም።

ቋጣሪ የሚለውን በፍጹም አልቀበልም። ያው መምህር ዕድር ይከፍላል። ዕቁብ ይጥላል። ባልደረባው አባቱ ሲሞትበት የስም ዝርዝር ይዞ ስታፉን እየዞረ ብር ይሰበስባል፤ ያውም ወር ሊያልቅ ሲል፣ ሁሉም ከሱቅ በዱቤ በሚበላበት ሰሞን። ዕድሩ ቢቀጣው እንኳ እያጉረመረመ ይከፍላል። ለምን? ዕድሩ ሲመጣ አይቶታላ! ድንኳኑን አይቷል፣ ወንበሩን አይቷል፣ ሌሊቱን አብሮት የቆየውን ሰው በስም ያውቀዋል። ብሩ የት እንደሚሄድ በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ብሩ አይከራከርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርኩበት ትምህርት ቤት አንዲት የሒሳብ መምህርት ነበረች። ከዲፕሎማ ተነስታ ክረምት ክረምት እየተማረች ዲግሪዋን ያዘች። ዲግሪው መጣ፣ ደመወዙ ግን ባለበት ቆመ። ፋይልሽ አልተገኘም ተባለች። ነገ ነይ ተባለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ወሩ አለፈ፣ ሴሚስተሩም አለፈ። እሷ ደግሞ ጨዋ ናት፣ ሰው ማስቸገር አትወድም፤ «ተይው፣ እግዜር ያውቃል» ብላ ልትተወው ነበር።

የትምህርት ቤታችን የመሠረታዊ ማህበር (ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው የማህበሩ ቅርንጫፍ) ተወካይ የስፖርት መምህሩ ነበር። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። አንድ ቀን የጠዋቱ ፈረቃ እንዳለቀ ፊሽካውን ከአንገቱ ሳያወልቅ ባጃጅ አስቁሞ ይዟት ሄደ። የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ፤ ያን ሰዓት ጤነኛ ሰው ከጥላ አይወጣም። የቅጥር ደብዳቤዋን፣ ትራንስክሪፕቷን፣ ያስገባችውን ማመልከቻ ሁሉ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ በፌስታል ይዟል። ቢሮው እንደደረሱ የለመዱት «ነገ ተመለሱ» መጣ። «ችግር የለም፣ እንጠብቃለን» አለና አግዳሚው ላይ ቁጭ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቁጭ ብቻ። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ሰልችቷት ይሁን አዝናላቸው፣ በመጨረሻ ካቢኔቱን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረች። ፋይሉ ተገኘ። የአያቷ ስም በስህተት ተጽፎ ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ተጣብቆ ከርሟል! ደመወዟ ተስተካከለ፤ ውዝፉም ተከፈላት።

ከዚያ በኋላ ስታፍ ውስጥ የሆነውን ብታዩ። «መዋጮው ለምን ይቆረጣል?» ሲል የከረመው ሰው ተወካዩን ጥግ ይዞ «የኔም ዝውውር ጉዳይ እኮ አለ...» ማለት ጀመረ። አዲስ ተቀጣሪዎቹ ፎርሙ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። ማንም ንግግር አላደረገም። ባነር አልተሰቀለም። መስከረም 25 የዓለም የመምህራን ቀን ሲከበር የሚሰማው «መምህር ሻማ ነው» የሚል ግጥም ሁሉ ያላመጣውን ሰው አንድ የተገኘ ፋይል አመጣው። (በነገራችን ላይ ያ ሻማ የሚሉት ነገር አይመቸኝም። ቀልጦ ማለቅን ማን ይመኛል?)

ስለዚህ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መምህሩ ማህበሩ ለሰው ሲቆም አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ ይገባል። ካላየ አይገባም፣ ቢገባም በፔሮል ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ተወካዩ ማን እንደሆነ ላይ ይወድቃል። ተወካይነት የሹመት መሰላል ሲሆን መምህሩ ወዲያው ያውቃል። ዛሬ የማህበር ሰው፣ ነገ ሱፐርቫይዘር፣ ከነገ ወዲያ ጽሕፈት ቤት። እንዲህ ያለው ሰው ከዳይሬክተሩ ጋር ሲሳሳቅ ያየ መምህር ችግሩን ይዞለት አይሄድም። ቢሄድም ወሬው ከሱ ቀድሞ ዳይሬክተሩ ቢሮ እንደሚደርስ ያውቃል።

ፈሪ ነው ለሚሉት ደግሞ ትንሽ ታሪክ ላውራ። ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ይቅር በሉኝ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማህበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ ሥራ ሲያቆሙ፣ መምህራኑም በማህበራቸው ጥሪ የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። የተቃወሙት የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውን የመንግሥት ዕቅድ ነው፤ የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው። መንግሥት ዕቅዱን ለሌላ ጊዜ ለማስተላለፍ ተገደደ። ጡረታ የወጡ የቀድሞ አስተማሪዬ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሲያወሩልኝ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። «ልጄ፣ መምህር ማለት ያኔ ነበር» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ዝቅ አድርገው «ግን አንተ አርፈህ አስተምር» ይጨምራሉ።

ያቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከባዶ አልመጣችም። በደርግ ዘመን ማህበሩ የመንግሥት ክንፍ ሆነ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ወገን «ትክክለኛው ማህበር እኔ ነኝ» አለ። የአንደኛው ሊቀመንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታሰሩ። በ1991 ዓ.ም. የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፣ የተፈቱት በ1994 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ወገን አመራሮች አንዱ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የማህበሩ ስምና ንብረት ክርክር ዓመታት ፈጅቶ ፍርድ ቤቱ ለሌላኛው ወገን ወሰነ። የተረቱት በአዲስ ስም እንመዝገብ ቢሉ ተከለከሉ። ጉዳዩ ጄኔቭ ድረስ ሄዶ በዓለም ሥራ ድርጅት ፊት ለዓመታት ሲነሳ ኖረ።

ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው መምህር ይሄን ሁሉ በዝርዝር ላያውቅ ይችላል። የቤቱን ምክር ግን ያውቃል። እናቱ «አደራ፣ ከነገር ራቅ» ትለዋለች። ማህበር የሚለውን ቃል ሲሰማ ነገር የሚሸተው ለዚህ ነው። ይሄን ሰው ፈሪ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን ስሌቱን አይቶ የተቀመጠ ሰው ነው የምለው። ስሌቱ ሊለወጥ ይችላል፤ በስድብ ግን አይለወጥም።

ሌላው ሕጉ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችን፣ ከተወሰነ ኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና ሥራቸው የሚፈቅድላቸውን የመንግሥት ሠራተኞችንም ጭምር ማህበር የማቋቋምና ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደር መብት ሰጥቷል። አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 87 እና 98 የተቀበለችው ገና በ1955 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ያምራል። ወደ ዝርዝሩ ስትገቡ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ ቁጭ ብሎ የኅብረት ስምምነት የሚፈራረምበት መንገድም የለውም። ማህበሩ መጠየቅ ይችላል። መምከር፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ መግለጫ ማውጣት ይችላል። ደመወዝ ላይ ተደራድሮ ፈርሞ መምጣት ግን አይችልም።

መምህሩ ይሄን አንቀጽ በቁጥር አያውቀውም። ውጤቱን ግን ያውቃል። የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ በዜና ይሰማዋል እንጂ ማህበሬ አመጣልኝ አይልም። ጭማሪው ለአባሉም አባል ላልሆነውም እኩል ይደርሳል። ታዲያ ምን ቸገረኝ ይላል፣ ትክክል ነው! ይሄ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም፤ ሌላም አገር ያለ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አባል ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ለማህበር ክፍያ እንዲፈጽም ማስገደድ አይቻልም ብሎ ወስኗል። እዚያም ክርክሩ ይኸው ነበር፤ ሳይከፍሉ ተጠቃሚ መሆን። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ብዙ መምህር ማህበር የሚገባው ነገ አንድ ተማሪ ወይም ወላጅ ቢከሰኝ ማን ጠበቃ ያቆምልኛል ብሎ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ትልቁ የመምህራን ማህበራቸው የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ በአጭር ጊዜ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አዲስ አባል ተመዘገበ። አንዱ በስጋት ገባ፣ ሌላው ማህበሩ ሲንቀሳቀስ አይቶ ገባ። የሁለቱም ነገር የስፖርት መምህራችን ዘንድ ይወስደኛል። ሰው የሚገባው የሚሠራ ነገር ሲያይ ነው።

ግድ የለውም የሚለው ስድብ ላይ ትንሽ እውነት አለ። ግን ግድ ያጣው ስለ ማህበሩ አይደለም፣ ስለ ሙያው ነው። ወጣቱን መምህር ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነህ በሉት። ክፍል ውስጥ ነኝ የሚላችሁ ጥቂት ነው። ድሬ ደግሞ ፈተናዋ ብዙ ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ የጅቡቲ መስመር አለ። አንድ የፊዚክስ መምህር ጓደኛችን ትራንዚት ቢሮ ገብቶ አሁን ሲያየን ሻይ ይጋብዘናል። ነገ ልሄድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቤቱን አይጠግንም። ስብሰባ ጥሩት፣ አይመጣም። ለኮሚቴ ጠቁሙት፣ «እኔ እዚህ አልቆይም» ይላል። ከዓመታት በኋላም እዚያው ወንበር ላይ ታገኙታላችሁ፤ አሁንም አይቆይም።

ሴት መምህራንን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ በአብዛኛው የሰዓት ነው። ስብሰባው ሁልጊዜ ከፈረቃ በኋላ ነው። ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያመጣ ማን ነው? እሷ ናት። ምሳ የሚጠብቃት ቤተሰብ አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ወንድ ይሆናል፣ የወሊድ ፈቃድና የጡት ማጥቢያ ሰዓት ጉዳይም አጀንዳ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ «ሴቶቹ አይሳተፉም» ይባላል። ስብሰባውን በእረፍት ሰዓት ሞክሩት እስቲ።

የሙያ ማህበራት የሚባሉትን ብዙ አልቆይባቸውም። የኬሚስትሪ ማህበር አለ፣ የባዮሎጂ ማህበር አለ፤ ጆርናል ያሳትማሉ፣ ጉባኤ ያደርጋሉ። አብዛኛው ተሳታፊ ግን የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው የሚፈልገው ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ሰው ነው። ሐሮማያ ቅርባችን ነው፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜ እነዚህ መምህራን መጥተው አብረውን ቢሠሩ የሙያ ማህበር ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የግል ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። ምክንያቱም እዚያ ሕጉ በሩን ከፍቶታል። የግል ትምህርት ቤት መምህር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሠራተኛ ነው። አስር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሁሉ ማህበር ማቋቋም ይቻላል። ከአሠሪው ጋር መደራደር፣ የኅብረት ስምምነት መፈራረም ይቻላል። አሠሪው ማህበር ግባ ወይም አትግባ ብሎ ማስገደድ ሕገ ወጥ ነው። የመንግሥት መምህሩ የሚመኘው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ግን የሠራተኛ ማህበር ያለው የግል ትምህርት ቤት ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ከተማ አላጋጠመኝም።

ያውም ድሬ ላይ! ይቺ ከተማ እኮ በባቡር የተፈጠረች ናት። የምድር ባቡር ሠራተኞች በአገሪቱ ቀድመው ከተደራጁት ውስጥ ናቸው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶው ሁሉ ማህበር የሚያውቅ ሠራተኛ ያፈሩ ናቸው። ለገሃሬ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ «አባቴ የማህበር ሰው ነበር» የሚል ጎረቤት አይጠፋውም። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት።

አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ቦታ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ስሙን አልጠራውም። ኮንትራቷ መስከረም ይጀምራል፣ ሰኔ ያልቃል። ክረምቱን ደመወዝ የለም። መስከረም ላይ ባለቤቱ ከፈለገ ይጠራታል፣ ካልፈለገ ስልኳ ዝም ይላል። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይባላል። ቤተሰብ ክረምት ክረምት እንደሚበተን ያየሁት እዚያ ነው። አንዱ ባልደረባዋ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ብሎ አጥብቆ ጠየቀ፤ ማንም አልቆጣውም፣ ማንም አላባረረውም። በሚቀጥለው መስከረም አልተጠራም፣ አለቀ። ይሄን ያዩት ሌሎቹ ምን ተማሩ ብላችሁ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

በቀደም ታይዋን ገበያ አግኝቻት አዋጁን ስነግራት ቆማ ሰማችኝ። አስር ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ሕጉ ከናንተ ጋር ነው አልኳት።

«አስር?» አለች፣ የያዘችውን ጨርቅ መልሳ እየደረደረች። «እኛ ስታፍ ውስጥ ኮንትራቱ ሰኔ የማያልቅ ሰው ዘበኛው ብቻ ነው።»